የቢሻው ፎቅ ቆጠራ

[ወረታ ዳር፣ ከቢሻው ፎቅ ፊት ለፊት። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። አያ አድማሴ የከተማውን ታሪክ ሁሉ አውቃለሁ የሚሉ ጡረተኛ ናቸው። ባየህ የፎገራ ሜዳ ገበሬ ነው፤ ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባው ይሉታል።]

አድማሴ፦ አራት ነው!

ባየህ፦ ሦስት ነው፣ አያ።

አድማሴ፦ [በከዘራቸው እየጠቆሙ] አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! ዓይን የለህም?

ባየህ፦ የታችኛው አይቆጠርም። የውኃው ነው።

አድማሴ፦ [በሳቅ እየፈረሱ] ጉድ ስሙ! ውኃ ቤት ተከራየ! አንተ ሰው፣ ይህ በወረታ የመጀመሪያው የመኖሪያ ፎቅ ነው። ታሪኩን እኔ ልንገርህ። ያኔ ከተማው ሁሉ ቆርቆሮ ነበር። ቢሻው መሐንዲስ አስመጣና...

ባየህ፦ ቀጭን ነበር።

አድማሴ፦ ስለ ቅጥነቱ ማን ጠየቀህ? ታችኛውን በባዶ ምሰሶ ያቆመው ለውበት ነው። ዘመናዊነት! ይኸው እስከ ዛሬ ባዶውን ከረመ። የነቃሁት እኔ ነኝ! በቆርቆሮ ጋረድሁና የዓመት ሩዜን አስገባሁበት። ቢሻውም «በራስዎ ኃላፊነት» ብሎ ፈቀደልኝ።

ባየህ፦ ሩዝ? ታች?

አድማሴ፦ ዐሥራ ሁለት ጆንያ! ይታይሽማ «ቆጡ ላይ ይሁን» ብላ ለቅሶ ተቀመጠች። ሚስቴ የፎቅ ታሪክ የት ታውቃለች!

ባየህ፦ ምሰሶው ላይ ያለችውን ቀይ መሥመርስ ያውቋታል?

አድማሴ፦ ጌጥ ናታ!

ባየህ፦ ቦራ ናት።

አድማሴ፦ ቦራ ማን ናት?

ባየህ፦ ላሜ። ቦታው የእኔ ማሳ ነበር። መሐንዲሱ «ውኃው ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል?» አለኝ። «እስከ ቦራ ጀርባ» አልሁት። አልገባውም። ጎትቼ አመጣሁለትና ከሰኮናዋ እስከ ጀርባዋ በሜትር ለካት፤ ልኳን ነው ኋላ ምሰሶው ላይ ያሰመረው። እርግጫዋንም ቀምሷል።

አድማሴ፦ ፎቁ... በላም ተለካ?

ባየህ፦ ቢሻው ደስ ብሎት ከላይ አንድ ክፍል ሰጠኝ። የእኔ ሩዝ እዚያ ነው።

አድማሴ፦ [ድምፃቸው ቀጠነ] ውኃው ከመጣ እኮ ስንት ዓመቱ!

ባየህ፦ ቤቱን አልረሳም።

[ከጣራ ገዳም ተራራ በኩል ነጎድጓድ። አስፋልቱን አንድ ቀጭን ውኃ እየላሰ ይመጣል። አያ አድማሴ ከዘራቸውን ይጥላሉ።]

አድማሴ፦ ባየህ ወንድሜ፣ ክፍልህ ይከፈት! ተሸከምልኝ!

ባየህ፦ [ቀስ ብሎ እጅጌውን እየሰበሰበ] እሺ። ፎቁ ስንት ነው፣ አያ?

አድማሴ፦ [ጆንያ አቅፈው እየሮጡ] ሦስት! ሦስት ነው! ሁለት ነው ካልኸኝም ሁለት ይሁን፤ ብቻ አንሣ!