ቀይ ብርድ ልብስ ሲሰጣ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ በረንዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቶ ካየሁ ከቤት አልወጣም። ሚስቴ ሽንኩርት ግዛልኝ ብትልም አልወጣም። «ተከልክሏል» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። ጎረቤቶቻችን ግን ጭንቅላቴን የነካኝ ይመስላቸዋል። ምን ያድርጉ? ደሴት ላይ አላደጉ!

አቃቂ ውስጥ ደግሞ ምን ደሴት አለ እንዳትሉኝ። ነበረ። ደሴት ግዴታ ባሕር ያስፈልገዋል ያለው ማን ነው? ሰፈራችን በወንዙና ወንዙን በሚቀላቀለው ጅረት መሐል የተወሸቀች ነበረች። በጋ ላይ እንደማንኛውም ሰፈር አቧራ ትቅማለች። ሰኔ ሲገባ ግን ዙሪያዋን ውሃ ይከባትና ከአገር ትቆረጣለች። ከአስፋልቱ የሚያገናኘን የድንጋይ መረማመጃ ብቻ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ እሱም የለም። የዚያን ጊዜ ውሃ እንዲህ የዛሬው ዓይነት መሰላችሁ? አንድ ክረምት በሬ ወስዶ አዋሽ ላይ ሲያወጣው በሬው መንገድ ላይ ወፍሮ ነበር ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የደሴታችን ልጅ ናቸው፤ ተድረው ተሻገሩ። ከተማ የሚሄድ ደሴተኛ ሁሉ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማውን እሳቸው በረንዳ ላይ ያወልቃል፣ እግሩን ይታጠባል፣ እዚያው ያስቀመጠውን ንጹሕ ጫማ አድርጎ ታክሲ ይሳፈራል። ማታ ሲመለስ ይቀይራል። ያለዚያማ ወያላው መቼ ያስገባናል! «መጀመሪያ ጭቃው ይውረድ፣ ከዚያ አንተ ትገባለህ» ይለን ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው እግር ይመረምራሉ። «ተረከዝህ ገና ነው፣ ተመለስ» ካሉ መመለስ ነው። «ሂድ» ካሉ አልፈሃል።

ባቡር ላይ የሠራ፣ ጅቡቲ ድረስ የተመላለሰ አንድ ጎረቤታችን ይህን አይቶ «ይኼማ ቆንስላ ነው» አለ። እኔ ፊደልን በሩቁ ነው የማውቀው፤ «ማን ቆሰለ?» ብዬ ደንግጬ ብድግ አልኩ። ሳቁብኝ። ቆንስላ ማለት ከአገሩ የወጣ ሰው የሚጠጋበት፣ ወረቀት እያዩ የሚያሳልፉበት፣ ባንዲራ የሚሰቀልበት ቤት ነው ብሎ አስረዳኝ። ታዲያ ምን ጎደለን? ወረቀታችን እግራችን ነው። ባንዲራም ነበረን።

ባንዲራችን የእትዬ ጥሩወርቅ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ወንዙ ሲያጓራ ከማዶ ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ በጨርቅ ነበር የሚያወሩን። ነጭ አንሶላ ከተሰጣ እንግዳ መጥቷል፣ ውጡና ተቀበሉ ነው። ቢጫ ጀሪካን ከተንጠለጠለ ቀበሌ ሱቅ ዘይት ገብቷል። ቀይ ብርድ ልብስ ከተሰጣ ግን ከላይ ደራሽ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ማንም እንዳይሻገር! እሳቸው ላይኛው ድልድይ ጋ የሞላውን ቀድመው ያያሉ። በቀይ ቀልድ የለም።

የዓመቱ ሥራ እንዲህ ነበር የሚሄደው። ሰኔ ላይ በረንዳው ተጠርጎ ቆንስላው ይከፈታል። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ደሴተኛው አደይ አበባ ይዞ ይሻገራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጫማውን ሰብስቦ ይመለሳል። አሮጌውን ትቶ የሰው አዲስ ጫማ ይዞ የሚሄድም ነበር። ስም አልጠራም፤ ጫማው እስካሁን ይመቸኛል።

ታዲያ በአንዱ ክረምት አንዲት የአስፋልት ዳር ልጅ ወደድኩ። ስሟ ዘነበች ነው። ውሃ የከበበው ሰው ዘነበች የምትባል ሴት ይወዳል? እኔ ወደድኩ። እሷም እሺ ብላለች። ያስቸገሩት አባቷ አቶ ደጀኔ ናቸው። «ክረምት ላይ ብትታመም ማን ያሻግራታል? ልጄን ለእንቁራሪት አልድርም» ብለዋል አሉ። ደግነቱ ሽማግሌ እንዳይመጣ አልከለከሉም። ግን እሑድ ብቻ ነው፤ ሰኞ ሌላ ሽማግሌ ቀጥረዋል፤ የሚያስልከው ባለ አይሱዙ ነው። አይሱዙ! እኔ ያለኝ ቦት ጫማ ነው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቼ በአባባ ወርዶፋ መሪነት ጋቢያቸውን ደርበው ወንዙ ዳር ደረሱ። ቀና ስንል ማዶ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል።

ውሃውን አየሁት። የመረማመጃው ድንጋይ ጫፍ ጫፉ ይታያል።

«አባባ፣ ውሃው እኮ ጉልበት አይደርስም!»

«ቆንስላው ከልክሏል» አሉ አባባ ወርዶፋ።

«ኧረ በዓይንዎ ይዩት!»

«እኔ ለዚህ ዕድሜ የበቃሁት ዓይኔን አምኜ መሰለህ? ጥሩወርቅን አምኜ ነው» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱ። የቀሩትም ተከተሏቸው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የሰኞው አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ዓይኔ ላይ መጣ። ዘነበችም ጋቢና ተቀምጣለች።

ገባሁ! ለልጆቼ ስነግራቸው ውሃው አንገቴ ድረስ ነበር፣ አዞም አግኝቻለሁ። አቃቂ ውስጥ አዞ የለም ካላችሁኝ፣ እሱም ለሽምግልና እየሄደ ነበር ይሆናል። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሱሪዬ እንኳ በወጉ አልረጠበም።

እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመዋል። «ሽማግሌዎችህስ?» አሉኝ።

«ብርድ ልብስዎን አይተው ተመለሱ። ምነው እትዬ፣ በዚህ ውሃ ቀይ ይሰጣል?»

ዞር ብለው ብርድ ልብሱን አዩ። እኔን አዩ። ሱሪዬን አዩ። ገብተው ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ወጡና ከአናቴ ጀምረው ለቀቁብኝ።

«በዚህ እርጥበት ሚስት አይገኝም! በል ሂድ አሁን!»

እየተንጠባጠብኩ ሄድኩ። አቶ ደጀኔ በረንዳቸው ላይ ቆመው የእትዬ ጥሩወርቅን ገመድ ያያሉ። የአስፋልት ዳር ሰውም የቀዩን ትርጉም ያውቃል። እኔ ደግሞ ራሴው ለራሴ ሚስት ልጠይቅ ነው፤ ከዚህ በላይ ነውር የለም። አፌ ተሳሰረ። እኔ አፌ ሲተሳሰር ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

«በቀይ ተሻገርክ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብቻህን?»

«ሽማግሌዎቹ ፈሩ።»

ከሱሪዬ የሚንጠባጠበውን ውሃ አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «ለዚህ ልጅ ፎጣ አምጡለት» አሉ። ፎጣውን ያመጣችው ዘነበች ናት። «እንዲህ የሚሻገር ሰው ልጄ ብትታመም ቁጭ ብሎ አያያትም» አሉ አባቷ። ሰኞ ማለዳ ማዶ ነጭ አንሶላ ተሰጣ፤ ሽማግሌዎቼም ተሻገሩ። የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች ሲመጡ የእኔዎቹ ሶፋውን ይዘውት ነበር።

ዛሬ ደሴቷ የለችም። መንገድ ወጣባት፣ ጅረቱም ቱቦ ውስጥ ገባ። ሰዉ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ ተበተነ። አባባ ወርዶፋ አርፈዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። መስከረም ሲጠባ ግን የቀረነው አደይ ይዘን እንሄዳለን። አሁንም በር ላይ እግር ያያሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጭቃ ከየት ይመጣል? እኔ ዘንድሮ ሆን ብዬ ከግንባታ ቦታ ጭቃ ረግጬ ሄድኩ። «ተረከዝህ ገና ነው፣ ተመለስ» አሉኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ጫማዬን ስጠርግ፣ ያ ወንዝ እታች የሚያጓራ መሰለኝ። ዓይኔን አቧራ ገባው።

ገብተን ከበላን በኋላ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ዕድሜ ልኬን በየሰርጉ የማወራውን ፊታቸው ላይ ደገምኩት። «እትዬ፣ ያን ቀን ቀዩን ያሰጡት እኔን ሊፈትኑኝ ነው አይደል? ምን ዓይነት ብልሃት ነው!»

«የምን ፈተና?» አሉ። «ናቲ ሸንቶበት ነው እንጂ! ሌላ ገመድ አልነበረኝም።»

ናቲ የልጅ ልጃቸው ነው። ያኔ ገና ይድኽ ነበር። ዛሬ ባንክ ይሠራል፤ ጢሙን አሳድጎ፣ ከረባቱን አስሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ዘነበችን አየኋት። ልጆቻችንን አየኋቸው። ናቲን አየሁት። ብድግ ብዬ እስከ መሬት ጎንበስ አልኩና እጅ ነሳሁት።

ልጁ ደንግጦ ተነሳ። «ኧረ ጋሼ! እኔ ምን አደረግኩ?»

«ሥራህን ነዋ፣ ክቡር ቆንስል» አልኩት።