ሁለት አንገት፣ ሰባት ቤት

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው አንገት ባይፈጠርለት ኖሮ በሰላም ይኖር ነበር። ጭንቅላት በቀጥታ ትከሻ ላይ ቢቀመጥ ምን ይጎድል ነበር? «አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው» ይላሉ አበው። የእኔው ግን መዞር ካቆመ ሰነበተ። ከኋላዬ ሆናችሁ ብትጠሩኝ፣ እንደ ጋሪ መላ አካላቴን አዙሬ ነው «አቤት» የምላችሁ። ጎንደር አራዳ ላይ ጽሑፌን አንብበው የሚያውቁኝ ሰዎች «ኮራህብን እኮ» ይሉኛል። ኩራት አይደለም ወዳጆቼ፣ ነርቭ ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ በአንገቴ አጥንቶች መሐል ያለችው ዲስክ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ነርቩን ተጭናዋለች። ሕመሙ ከአንገቴ ይነሣና በቀኝ ትከሻዬ በኩል ክንዴን እያቃጠለ እስከ ጣቶቼ ይወርዳል። ከዚያ እጄ ይዝላል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ጠባዩ ደግሞ ለጉድ ነው… ሲመጣ አያስጠነቅቅ፣ ሲሄድ አይሰናበት። ሰንበትበት ብሎ ሲጠፋ «ተገላገልኩት» ብዬ እፎክራለሁ። በማግሥቱ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ሚስቴ በላይነሽ ፊት እንደ ሕፃን እገተራለሁ።

መካሪ ግን አላጣሁም። አንዱ ወጌሻ ይለኛል፣ አንዱ ጸበል። አንዱ «ትራስህን ጣለው» ሲለኝ ሌላው «ትራስ ጨምር» ይለኛል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ቀን አገናኝቼ ሲከራከሩ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት፣ እንቅስቃሴና አንድ የአንገት መደገፊያ አዘዘልኝ። መደገፊያውን ሳጠልቅ አገጬ ወደ ላይ ይሰቀልና እንደ ተሾመ ሰው ከላይ ወደ ታች ነው የማያችሁ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የእህቴ የየሺ ልጅ ዳኛቸው «ሚስት ላግባ» ብሎ የተነሣው። ልጅቱ የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፤ እዚህ ጎንደር ስትማር ተዋወቁ፣ ተዋደዱ። አባቷ አያ ታከለ ግን የጥንት ሰው ናቸው። ሽማግሌ ካልመጣ፣ ዘር ካልተጠና ልጅ አይሰጡም። ሽማግሌዎች ተመረጡ፦ የነፍስ አባታችን መምሬ ላቀው፣ አንድ ዝምተኛ ጎረቤታችን፣ እና የልጁ አጎት እኔ።

የሺ ዋዜማው ላይ መጣችና አንገቴን ትክ ብላ አየችው።

«ነገ ያን ነገር ታወልቀዋለህ» አለችኝ።

«ሐኪም አዞልኝ እኮ ነው።»

«ሐኪሙ ልጄን ይድርልኛል? ሰዎቹ ዘር ነው የሚያጠኑ። አጎቱ አንገቱ ደርቆ፣ እጁ ዝሎ ካዩት፣ ነገ ልጁም እንዲሁ ይሆናል ብለው ይመልሱናል። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም?»

«አንቺስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«እሱን ከሠርጉ በኋላ እንተርታለን።»

ዳኛቸው ከጥግ ተቀምጦ ያየኛል። «ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ እኔ ሌላ አላገባም» አለ ቀስ ብሎ። ይህ ልጅ በልጅነቱ እኔ ትከሻ ላይ ነው ያደገው። አንጀቴን በላው። መደገፊያውን አውልቄ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

በማግሥቱ በሚኒባስ ተነሣን። ሾፌሩ አንድም ጉድጓድ እንዲያመልጠው አልፈለገም። ትክል ድንጋይ ስንደርስ ቀኝ እጄ የእኔ መሆኑን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ብቻ ነበር። ነጠላችንን አጣፋን፣ ከዘራችንን ጨበጥን፣ ከአያ ታከለ ደጃፍ ገብተን ቆምን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም።

አያ ታከለ ከመደብ ተነሥተው ተቀበሉን። ፊታቸው ግን ወደኛ አልነበረም፣ ወደ ግድግዳው ነበር።

«ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉት ግድግዳውን።

«ቆመን የምንነግረዎ ጉዳይ አለን» አሉ መምሬ።

«ምነው፣ ቁጭ ብላችሁ ብትነግሩኝ?» አሉት አሁንም ግድግዳውን።

መምሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይህ ሰውዬ ንቆናል» አሉኝ። እኔም አንገቴ አልዞር ስላለኝ ፊት ፊቴን እያየሁ ቆምኩ። እኔም የናቅኋቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

መምሬ ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ወደ ዳኛቸው ለመድረስ ብዙ ትውልድ ይቀራቸው ነበርና ከዘራዬን ጠበቅ አድርጌ ለመያዝ ሞከርኩ። ማን ይታዘዘኛል? ከዘራው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ጓ አለ። በግራ እጄ አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። መምሬ ሣራ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወደቀ። አሁንስ ተንከባሎ ሄዶ አያ ታከለ እግር ሥር ዐረፈ።

አያ ታከለ ጨዋ ሰው ናቸውና ሊያነሡልኝ ጎንበስ አሉ። እኔም ታላቄን ላስጎነብስ ነው እንዴ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ማለቱንስ ሁለታችንም ቻልንበት… ቀና ማለቱ ነው እንጂ።

«ወይኔ አንገቴን» አልኩ እኔ።

«ወይኔ አንገቴን» አሉ እሳቸው።

አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመን፣ ከዘራውን በሁለት ወገን ይዘን ቀረን። የአያ ታከለ ባለቤት እማዋይሽ ከጓዳ ብቅ ብለው ለአፍታ አዩንና «ለማን ነው የሚሰገደው?» አሉ። መምሬ እኔን፣ እማዋይሽ ባላቸውን ከወገብ ይዘው አቃኑን። ለካ ሰውየው አልናቁንም። እንደኔው አንገታቸው ደርቆ፣ እንደኔው ሽማግሌ እንዳያውቅባቸው ደብቀው ኖሯል። «የልጅቱ ዘር በሽታ አለበት እንዳትሉ ብዬ ነው» አሉኝ። ተያይተን ሳቅን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሳቸው እኔን «አንተ» ይሉኝ ጀመር።

እንግዲህ አለቀ ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መምሬ ግን አልሳቁም።

«አንድ ዓይነት አንገት፣ አንድ ዓይነት ሕመም፣ በአንድ አገር» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ዘመዳሞች ብትሆኑስ? ሰባት ቤት ይቆጠር።»

ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። በአንገቴ ምክንያት የዳኛቸው ትዳር ሊፈርስ ነው። መቁጠር ጀመርን።

«አያቴ ደስታ» አልኩ፣ «ቅድመ አያቴ ብሩ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ሳንጃ ወርዶ እዚያው የቀረ።»

አያ ታከለ ፊታቸው ተለወጠ። «የእኔም ቅድመ አያት ወንድም ብሩ ነው የሚባል። ወደ ሳንጃ ወረደ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዳኛቸው ነው፤ ላነሣው አልደፈርኩም። ምን ልበለው? ልጅቷ ዘመድህ ናት፣ ምስክሩም የአጎትህ አንገት ነው?

«ምን ነካህ አንተ» አሉ እማዋይሽ ለባላቸው። «የእናንተ ብሩ በሳንጃ አልፎ ሄዶ የመነኮሰው አይደል? በልጅነቱ ገዳም የገባ ሰው ከየት አምጥቶ ይወልዳል?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አያ ታከለ።

«ብሩስ ይሁን» አሉ መምሬ፣ «አንገቱስ?»

«አንገቱማ የዲሽ ነው መምሬ። ሰው ሲጠይቀው ገደል የገባ በሬ ሳወጣ ነው ይላል። ምን በሬ አለና? ዲሹን ራሴ አዞራለሁ ብሎ ጣራ ላይ ወጣ፤ ከጣራው ድርቆሹ ላይ ወረደ።»

አያ ታከለ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይህኛው የነርቭ አልነበረም። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንተስ?»

«ከጽሕፈት ብዛት ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አንባቢዎቼን ሳገለግል…»

«ደውልላትና ሚስትህም ትመስክር» አሉ እማዋይሽ።

ምን አማራጭ አለኝ? ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። መምሬ ጠየቋት። በላይነሽ እንኳን ልታስብ፣ አልተነፈሰችም።

«ምን ጽሕፈት አለ መምሬ? ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ኳስ ሲያይ ነው። ተው ብለው፣ ብለው…»

ያ ዝምተኛ ጎረቤታችን ሳይቀር ሳቀ። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። «አንደኛው አንገት ከጣራ፣ ሁለተኛው ከሶፋ ነው የመጣ። ዝምድና የላቸውም» ብለው ፈረዱ። አያ ታከለም «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ስልኩን ለመዝጋት በደነዘዘው አውራ ጣቴ ቀዩን ነካሁና ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ተቀመጥን። ጠላ ቀረበ። በዛለው እጄ ላይ ግራዬን ደርቤ ስጠጣ እማዋይሽ አክባሪነቴን አደነቁ።

የዳኛቸው ነገር ስላለቀ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጠላው ሞቅ ሲያደርገን አያ ታከለ አጠገቤ ተጠጉ።

«እውነቱን ንገረኝ እስቲ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ኳስ ብቻ እንዲህ ያደርጋል?»

«ኳሱስ ሰበብ ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ከሚስቴ ጋር የምናየው አንድ ተከታታይ ድራማ አለ። ያለ እኔ እንዳታይ ብላ አስምላኛለች። እሷ ሥራ ስትሄድ ሶፋው ላይ ታጥፌ በስልኬ እየቀደምኳት ነው። ይኸውልዎ መጨረሻውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ። ከሷ ጋር ስናይ ደግሞ እንዳላየ ሰው እደነግጥላታለሁ።»

አያ ታከለ ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያን ጊዜ ከደረት ኪሴ ውስጥ የበላይነሽ ድምፅ ወጣ።

«ታዲያ በመጨረሻ አገባችው?»