እትዬ እምቢን «ፍቀድ» ማለት

በየቤተሰቡ ስልክ የማያዘው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን በጮኸ ቁጥር ብድግ እንላለን፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ክብርት የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ በጎረቤት አጠራር እትዬ እምቢ።

ስልካቸው የሚኖረው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ሲጮህ አይነሱም። «ጠራኝ ብዬ የምሮጥ ተላላኪ ነኝ እንዴ?» ይላሉ። «ናፍቀኸናል» የሚል መልእክት የላከባቸውን የጨዋታ መተግበሪያ፣ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» ብለው እዚያው አባረሩት። የእጅ ባትሪው መተግበሪያ የወዳጆቻቸውን ስልክ ቁጥር ልይ ሲልማ እኔን አስጠርተው አፋጠጡኝ።

«የማንን ቁጥር ሊያበራ ነው?»

እኔ ራሴ የምሠራው መተግበሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው፤ በየቁልፉ ላይ የሚነበበውን አማርኛ እጽፋለሁ። የእኛንም መተግበሪያ ለእኔ ሲሉ ብቻ ነው የጫኑት።

«ደግሞ የእናንተውም ‹ፍቀድ› ይለኛል! እኔን! ‹እርስዎ› ማለቱ ቢቀር ‹ፍቀጂ› ማለት ያቅተዋል? እምቢ የሚባልበትስ የታለ? ‹ፍቀድ› እና ‹በኋላ› ብቻ! እኔ በኋላ አላልኩም፤ እምቢ ነው ያልኩት!»

ሳቅሁ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። መተግበሪያችን ሊታደስ ነበር፤ የአለቃችን ትእዛዝም «ፍቀድ» በትልቁ፣ «በኋላ» ደብዘዝ ብሎ በትንሹ የሚል ነው። እኔ «ይፈቅዳሉ?» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩ እኩል በእኩል «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም»።

አለቃዬ ስብሰባ ላይ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሁሉም እምቢ ቢል ምን ልንሆን ነው? ለመሆኑ ይሄን የሚጫን ማን ነው?»

«አክስቴ» አልኩት።

የስብሰባው ክፍል በሳቅ ፈረሰ። «ሳቁ፤ ይሄ ቁልፍ ከተሰረዘ ግን ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አልኩ። ይህን ያልኩት በስብሰባ መሃል ውሃ ለመጠጣት እንኳ የሰው ፊት የማየው እኔ ነኝ! የእትዬ እምቢ ደም እንዳለብኝ ያን ቀን አወቅሁ። አለቃዬ ብዙ ካጉረመረመ በኋላ፣ «እስቲ ለሙከራ» ብሎ ለቀቀው።

የታደሰው መተግበሪያ ስልካቸው ላይ የደረሰ ዕለት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ይሄስ አሳዳጊ ያልበደለው ነው» አሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እኮ! አሳዳጊው ማን ሆነና?» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ወደ ስልኩ ተመለሱና፣ በፍጹም ትህትና፣ «አልፈቅድም» የሚለውን ተጫኑ።