ስለ ሰይድ አካሄድ የተደረገ ጥልቅ ምርመራ

አበው «አካሄዱን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» ያሉት ለጓድ ስማቸው ነበር። አብዮቱ አራት ዓመት ሲሞላው የደሴው ቀበሌ ሊቀመንበር የነበሩት እኚህ ንቁ ሰው፣ የኩታበሩን ገበሬ ሰይድን ፒያሳ ላይ አካሄዱ አላምር ቢላቸው አሰሩት፤ ጭብጦውንም በኤግዚቢትነት ያዙ።

ችግሩ ቅጹ ነበር። «ተጠርጣሪው ሲሄድ ተገኘ» ብሎ መጻፍ የቀበሌውን የንቃት ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ አስተማሪው አብዱልወሀብ ተጠራ፤ የኢምፔሪያሊስቱን ቋንቋ ያወቀ አካሄዱንም ያውቃልና።

«እንግሊዝ ለአካሄድ ስንት ቃል አለው?»

«ብዙ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለመናፈስ ስትሮል፣ ሥራ ፈትቶ መዞር ሎይተር፣ ማነከስ ሊምፕ፣ ተደብቆ ሹልክ ማለት ስኒክ…»

ጓድ ስማቸው ልባቸው ሞቀ። ስትሮል የበርዥዋ ነው፤ በምክር ይታለፋል። ስኒክ ግን የጸረ አብዮተኛ ነው፤ ኮምቦልቻ አስወርዶ ያሳስራል።

«ወላሂ ጫማዬ ጠቦኝ ነው!» አለ ሰይድ አዲሱን ኮንጎውን እያሳየ። «ሚስቴ መዲና በወለደች በሳምንቷ ትኩሳት ጥሏታል። ኪኒኗ ይኸው በኪሴ ነው፤ ልድረስላት!»

«ጸጥ በል! ጉዳዩ ሳይንሳዊ ነው። እስቲ ሂድ!»

ሰይድ በግቢው ውስጥ ሄደ። ሊመለከት የተሰበሰበው የቀበሌው ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ። የሴቶች ማኅበሯ ተናኘ «ሊምፕ ነው» አለች፤ ሌሎቹ ስኒክ አሉ። አብዱልወሀብ «ከሁለቱም አለበት» ብሎ ነገሩን አባባሰው። ሰይድ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«በቃ ልሂድ?»

ጓድ ስማቸው ከእንግሊዝኛው ቃላት ዝርዝር ላይ ቀና ሳይሉ «ስንቴ ልንገርህ? ሂድ!» አሉ።

«ጭብጦዬስ?»

ሸክም አካሄድን ይገልጣል ብለው አሰቡና «ይዘህ ሂድ!» አሉት።

ዘበኛው ጀላል የሊቀመንበር ትእዛዝ የሚጥስ ሰው አይደለም፤ በሩን ከፈተ። ሰይድ ኮንጎውን አውልቆ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና በባዶ እግሩ የኩታበርን መንገድ ተያያዘው።

ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ በሊምፕ ተስማምቶ ቀና ቢል ግቢው ባዶ ነው።

«ማን ልቀቀው አለህ?»

«እርስዎ ነዎት» አለ ጀላል። «ሦስት ጊዜ ሂድ ብለውታል።»

ጓድ ስማቸው ወደ አስተማሪው ዞሩ። «ይኸኛውስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«በእንግሊዝኛ ቢሆንማ አያመልጥም ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ያመለጠው በአማርኛ ነው።»

በሳምንቱ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ «ለማብራሪያ ወደ ኮምቦልቻ ይሂዱ» ይላል። ጓድ ስማቸው ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። «ይመለሱ» የሚል ቃል አልነበረበትም።