በተከዜ ሐይቅ ላይ ዋልያ ያገኘሁ ዕለት

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከራሴ ስሙ።

እዚህ ኒሯቅ ከተማ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰቆጣም ነገ ከገበያተኛ ጋር ይገባል። እኔ ግን ከሰይድ ሱቅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ፤ ቀሚሴ ከጉልበት በታች ገና እርጥብ ነው፤ ኔትወርኩ ሳይሄድ ልናዘዝ።

ሳምንቱን ሙሉ «ሳፋሪ በውሃ ላይ!» እያልኩ ፖስት ሳደርግ የሰነበትኩት እኔ ነኝ አይደል? «የዋግ የመጀመሪያው የዱር እንስሳት ክሩዝ» ያልኩትም እኔው ነኝ። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ እጃችሁ አለበት።

ለማታውቁት ላስረዳ። የተከዜ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ በእኛ በአበርገሌ በኩል ትልቅ ሐይቅ ተኝቷል። ድሮ አንጋጠን የምናያቸው ኮረብቶች ዛሬ ጫፋቸው ብቻ ቀርቶ ደሴት ሆነዋል። ጥቁር፣ እሳት የላሳቸው የሚመስሉ ድንጋያማ ደሴቶች። አንዱን ስታልፉ ሌላው ብቅ ይላል። ሰው የለባቸውም፤ ዝምታና ድንጋይ ብቻ።

እኔ ሰቆጣ ላይ ፎቶ ቤት ነው ያለኝ። የጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ። «ቀና ይበሉ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እና ባለፈው ዓመት የዘመድ ሠርግ ላነሳ ኒሯቅ ወርጄ ያንን ሐይቅ ሳየው ልቤ ተነሣ። የአክስቴ ልጅ ሀፍቱ ደግሞ እዚያው ዓሣ ያጠምዳል፤ ሞተር ያላት ጀልባ አለችው።

ጀልባ ካለ፣ ደሴት ካለ፣ ጉማሬና አዞ ካለ ምን ቀረ? እንግዳ ብቻ!

እንግዳውንም አገኘሁ። አቶ ዮናስ ይባላሉ። ላሊበላ ቱሪስት የሚያመጡ ሰው ናቸው። በሰው በሰው ስልካቸውን አግኝቼ ለመንኳቸው። «ሰቆጣ ድረስ እንግዳ የማመጣው ምን ሊያይ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ያልጠራሁት አውሬ የለም። ከአንበሳ በቀር ሁሉንም ጠርቻለሁ።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰብለ ጋር መጡ። ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ መያዝ ሲጀምር የኔ ፎቶ ቤት ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ሀፍቱም ቢሆን በእኔ ወሬ ተማምኖ ጀልባዋን ሰማያዊ ቀለም ቀብቷታል። አቶ ዮናስ ደስ ካላቸው እንግዳ ያመጡልናል። ካላላቸው ደግሞ ሰማያዊ የዓሣ ጀልባ ይዘን እንቀራለን።

ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወረድን። የእናቴን የሳሎን ምንጣፍ ይዤ ሄጄ ጀልባዋ ላይ አንጥፌዋለሁ። ምንጣፍ የዓሣ ሽታ እንደማይሸፍን የገባኝ እዚያ ነው።

ዳር ላይ አንዲት እናት ቆመው ይጠብቁናል። እማማ ታደሉ ይባላሉ። በጀርባቸው ዱቄት አዝለዋል፤ በእጃቸው ቅቤ ያለበት ቅል ይዘዋል። ማዶ ያለችው ልጃቸው ወልዳለች። በእግር ከሆነ ሐይቁን መዞር ነው፤ ስለዚህ ሀፍቱ አሻግራቸዋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል።

ለእኔ ሳይነግረኝ!

ሀፍቱን ወደ ጎን ስቤ፣ ይሄ ክሩዝ፣ የሽርሽር ጀልባ እንጂ የገበያ ጀልባ አይደለም፣ እንግዶቼ ፊት አታዋርደኝ አልኩት። ሀፍቱ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ስሚ ሙሉ፣ እንግዶችሽ ማታ ይሄዳሉ» አለኝ። «እኔ የምኖረው ከእሳቸው ጋር ነው።»

ወይዘሮ ሰብለ ቀድመውኝ ጠጋ አሉና ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። ሄድን።

አሁን ስለ ዱር እንስሳቱ ልንገራችሁ።

ጉማሬ የለም። አዞ የለም። አንድ ነጭ ወፍ ነበረ፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶናል።

ጉማሬዎቹ ከትናንት ወዲያ እዚያው ነበሩ፤ ሀፍቱ ይመስክር። ዛሬ ግን ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ይመስል ወፍ የለም (ከዚያ ነጭ ወፍ በቀር)። ጊዜ ለመግዛት ስለ ደሴቶቹ ማውራት ጀመርኩ። እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው አልኩ። አቶ ዮናስ መቼ ነው የፈነዳው ብለው ጠየቁኝ። በቅርብ ጊዜ አይደለም አልኳቸው።

እማማ ታደሉ ደግሞ ከወይዘሮ ሰብለ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። ጣታቸውን ወደ ውሃው እየጠቆሙ፣ እዚህ ሥር የእኛ ቤት ነበረ፣ እዚያ ጋ አውድማው ነበረ ይላሉ። ውሃው ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ማዶው ዳገት ወጣ። እሳቸው ደግሞ ኒሯቅ ወንድማቸው ዘንድ ተጠጉ። ወይዘሮ ሰብለ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያዳምጣሉ። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ፣ ድምፅ ሲበዛ እንስሳ ይሸሻል ብዬ አቋረጥኳቸው።

የትኛው እንስሳ እንደሚሸሽ እንዳትጠይቁኝ።

እንዲህ እያልን አንዲት ጠባብ ደሴት ስንጠጋ፣ ከገደሏ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ቆሟል።

በአንገቴ ያንጠለጠልኩትን ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን አነሣሁ። ጢም አለው። ቀንዱ ወፍራም ሆኖ ወደ ኋላ ቆልመም ብሏል። መልኩ ቡናማ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆሞ ቁልቁል ያየናል።

የዋልያ አገር የስሜን ተራራ ከተከዜ ማዶ ነው። ውሃው ከፍ ሲል መመለሻ ያጣ ቢሆንስ? ሳስበው ሳስበው እውነት እየሆነ መጣ።

«ዋልያ ነው» አልኩ። በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

አቶ ዮናስ ባይኖኩላሩን ነጠቁኝ ማለት ይቻላል። አዩ። ይህ ከተረጋገጠ ዓለም ሁሉ ይመጣል አሉ። ቪዲዮ ካሜራቸውን አወጡ። ሀፍቱ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ቀስ እያለ ማስጠጋት ጀመረ። እሱም አምኗል፤ በኋላ ቢክድ አትስሙት።

የዚህን ጊዜ እማማ ታደሉ እጄን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ያ እኮ...» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አልኳቸው። «ዋልያ የሰው ድምፅ ከሰማ ገደል ነው የሚገባው።»

ይህን የት እንዳነበብኩት እንዳትጠይቁኝ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ዓይናቸው ግን ከገደሉ አልወረደም።

ጀልባዋ ደሴቷን ስትነካ ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። አቶ ዮናስ ከኋላዬ ይቀርጹኛል። ጎንበስ ብዬ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳብኩ፣ ነብር በሚያድንበት አኳኋን ተጠጋሁ። ውስጤን ደስታ ሊያፈነዳው ነው። ስሜ በመጽሐፍ ሲገባ ታየኝ።

ከኋላዬ የእማማ ታደሉ ድምፅ ተሰማ። ብድግ ብለው ቆመው በኽምጣኛ ተጣሩ። ረዘም፣ ለስለስ ያለ ጥሪ ነው፤ ማታ ማታ ከብት ሲያስገቡ የሚጠሩት ዓይነት።

ዋልያው ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ «ምእእእ» አለ።

ጓዶች፣ ዋልያ እንደዚያ አይልም።

ቁልቁል ሲመጣ መንገዱ ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲቀርበኝ አንገቱ ላይ ያረጀ የገመድ ቁራጭ አየሁ። የተቀረውን አላየሁም፤ ምክንያቱም በቀንዱ ጎኔን ገፍቶ ውሃ ውስጥ ከተተኝ።

ውሃ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር እግሬን ያዘኝ። «አዞ! ሀፍቱ፣ አዞ ያዘኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የጠራሁት ታቦት ብዛት! እጄን አወራጨሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ዓለምን ተሰናበትኩ።

ሀፍቱ ጀልባዋ ላይ እንደተቀመጠ ትክ ብሎ አየኝ።

«ቁሚ» አለኝ።

ቆምኩ። ውሃው ጉልበቴ ጋ ነው። እግሬን የያዘኝ የራሴ ሻርፕ ነው።

ዋልያዬ ደግሞ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ፣ የእናቴ ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን እማማ ታደሉ ደረት ውስጥ ቀብሯል። ወጠጤ ፍየል ነው። ውሃው ሲመጣ ከመንጋው ተነጥሎ የጠፋባቸው። ብዙ ፈልገውት፣ ጅብ በልቶታል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። እሱ ግን ኮረብታው ደሴት ሲሆን እዚያው ቀርቶ፣ ቁጥቋጦውን ብቻውን ሲበላ ሰንብቶ፣ ከብቸኝነቱ ብዛት ጠጉሩ ረዝሞ ዋልያ መስሏል።

እማማ ቀንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው።

ከውሃው እየተንጠባጠብኩ ወጥቼ፣ ምነው ቀድመው አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ዝም ይበሉ ስትዪኝ ነዋ» አሉ። «እንግዳ የያዘ ሰው አይታወክም ብዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬት ግን አልነበረም፤ ውሃ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠይቄ እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና፣ ብርድ እንዳይመታሽ ተቀመጪ አሉኝ። የቀረው ቦታ ከወጠጤው አጠገብ ብቻ ነበር። ወጠጤ ፍየል ምን ምን እንደሚሸት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የዓሣውን ሽታ አስረሳን።

አቶ ዮናስ ካሜራቸውን ይዘው ድርቅ ብለዋል። ዓለም ሁሉ ሊመጣበት የነበረው ዋልያ የባርኔጣቸውን ጠርዝ እያኘከ ነው። እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አለቀ፣ ወደ ጉርድ ፎቶዬ ተመለስኩ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ሰብለ ናቸው። አፋቸውን ይዘው ሊያቆሙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ ሀፍቱ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ እማማ ታደሉ። መጨረሻ ላይ አቶ ዮናስ ባርኔጣቸውን ከፍየሉ አፍ እየጎተቱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ማዶ ስንደርስ ሰው ዳር ላይ ቆሟል። እማማ ማንን ይዘው እንደመጡ ሲያይ እልልታው ቀለጠ። እዚያ ዳገት ላይ የሰፈሩት የድሮ ጎረቤቶቻቸው ናቸውና ፍየሉን ሁሉም ያውቀዋል። እየነኩት፣ ቀንዱን እየለኩ፣ ከሞት የተነሣ ዘመድ አስመሰሉት። አራሷ ዘንድ ገብተን ገንፎ በላን። ወይዘሮ ሰብለ ሕፃኗን አቀፏት።

የአራሷ ባል ጨዋ ሰው ነው። እንግዶች ቤቴ ድረስ መጥታችሁማ በገንፎ ብቻ አትሄዱም ብሎ ቢላዋ ሊያመጣ ተነሣ። ወጠጤውን ሊያርድልን ነው። እማማ ታደሉ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተው» አሉት። «እኛ ሁላችን አገሩን ለውሃ ትተን ስንወጣ እሱ ብቻ ቀረ። የቀረችውን ጫፍ ይዞ ጠበቀልን። ይህን አላሳርድም።»

ሲቀርጹ የነበሩት አቶ ዮናስ ካሜራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

እማማን እዚያው ትተን ስንመለስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ውሃው ወርቅ መስሏል። ማንም ስለ እንስሳ አያወራም። እኔም ልብሴን እየጨመቅኩ፣ ብዋረድም ቀኑ ግን ጥሩ ቀን ነበረ እያልኩ በሆዴ አስባለሁ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ሰብለ ከፊታችን ያለውን ጥቁር ነገር አሳይተው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ከእንግዲህ በአውሬ ነገር አልሳሳትም። በደንብ አየሁት። ድንጋይ ነው፣ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብዙ ነው አልኳቸው፣ በሙሉ መተማመን።

ድንጋዩ አፉን ከፈተ።

እንዲህ ያለ አፍ! ሀፍቱ ሞተሩን ወደ ኋላ ሲያስጮኸው ከድንጋዩ አጠገብ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ጆሮውን እያርገፈገፈ ወጣ። ራቅ ብለን ሞተሩን አጥፍተን ብዙ ቆየን። እናት ጉማሬዋ ልጇን በአፍንጫዋ ስትገፋ፣ እሱ ሲሰጥምና ሲወጣ አየን። እኔ እንኳ ዝም አልኩ፤ ለዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ አቶ ዮናስ ጠሩኝ። እንግዶች አመጣለሁ አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ እንጀምራለን፣ ጀልባዋ ላይ የማዶ ሰው ካለም ይሳፈር፣ እንዳታስወርጂ አሉ።

«ግን አንድ ነገር» አሉ። «አንቺ ፎቶ አንሺ። ስለ እንስሳ ሀፍቱ ይናገር።»

ሀፍቱ አጠገቤ ቆሞ ደረቱን ነፋ። ዋልያ ነው ብሎ ሲቀዝፍ እንደነበር ለመናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት።

እና አሁን ጭንቄ ሌላ ነው። መንገዱ ዳር ሰሌዳ ልናቆም ነው፤ ሰዓሊው ምን ልሣል ይለኛል። ጉማሬ ብል፣ እንግዳ መጥቶ ባይወጣስ? አዞ ብል፣ ያየሁት አዞ ሻርፕ ነው። ፍየል ብል ደግሞ ፍየል ለማየት ጀልባ የሚሳፈር ማን ነው?

እስቲ ኮመንት ላይ ምከሩኝ። ዋልያ የሚል ሰው ግን ብሎክ አደርገዋለሁ።