አባቴ ያላለው ንግግር

ሚዛን ተፈሪ ባጃጅ ተሳፍረህ ታውቃለህ? ካልተሳፈርክ፣ ስትመጣ ከኋላ የተጻፈባቸውን አንብብ። «ጥላው የአባቴ ነው፤ ቡናው የልጄ ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» የሚል አታጣም። የአባቴ ንግግር ነው ይላሉ። ሽማግሌ ሠርግ ላይ ይመርቅበታል። አንድ ሰባኪማ «ቃሉ እንደሚል» ብሎ ሲጠቅሰው ሰምቼ፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ይሆን እያልኩ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ ዋልኩ። ጎረቤቶቻችን ቴፒዎች ደግሞ፣ ተናጋሪው የኛ ሰው ነው ብለው ድርቅ ይላሉ። ቡናችሁ ጥሩ ነው፣ አልካድንም፤ ንግግሩን ግን ተዉልን!

አሁን ላንተ እውነቱን ልንገርህ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን አላለም። እንዴት ይላል? አማርኛ አያውቅማ! ሰላምታ ያውቃል፣ «ቡና ስንት ገባ» ያውቃል፣ «አይሆንም» ያውቃል። በቃ። ንግግሩ የኔ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ መቀጠሬ ነው። ከከተማ የመጣ አንድ ኃላፊ ቀበሌያችንን ሰብስቦ፣ መንገድ ለማስፋት የአባቴን ቡና ያጠሉት ዋንዛዎች ይቆረጣሉ አለ። ጥላው ከሄደ ቡናው አለቀለት። እኛ ዘንድ እንግዲህ ስብሰባ በሁለት ቋንቋ ነው። ኃላፊ በአማርኛ ይናገራል፣ ሽማግሌ በቤንችኛ ይመልሳል፣ መሀል ላይ አስተርጓሚ ላቡን ይጠርጋል። የዚያን ቀን አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ተነሣ። ተናገረ፣ ተናገረ፣ ተናገረ። የእያንዳንዱን ዛፍ ታሪክ ዘረዘረ። የኃላፊውን ጫማ ሰደበ። ወደ እናቱ ሊሻገር ሲል አክስቴ ኮቱን ጎተተችው። ኃላፊው ወደኔ ዞሮ ምን አሉ? አለኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ቀለሙ አልደረቀም፤ ጫማውን እንዴት አድርጌ ልተርጉምለት? ዐይኔን ጨፍኜ ያንን ንግግር ተናገርኩ። ኃላፊው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ተነሥቶም የአባቴን እጅ ጨበጠ። መንገዱ በማዶ በኩል ዞረ።

ሃያ ዓመት ዝም አልኩ። አምና ግን ትምህርት ቤታችን አዲስ ግድግዳ አሠራና ንግግሩን በትልቁ ሊያስጽፍበት ተነሣ፣ ከሥሩ የአባቴን ስም። አላስችል አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠመኔ ስተነፍስ ኖሬ ስሜ የተጻፈው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ ብቻ ነው! ኮሚቴው ፊት ቆሜ ንግግሩ የኔ ነው፣ ስሜ ይጻፍልኝ አልኩ።

ወይ ጉድ! ተንጫጩብኝ። ሰብሳቢው አቶ ታደለ፣ «በዚያ ስብሰባ ከፊት ነበር የተቀመጥኩት፣ አባትህ በአማርኛ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ድምፁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ሳይቀር ነገረን። የተንቀጠቀጠው የኔ ድምፅ ነበር! አንዲት እናት ደግሞ የሞተ አባትህን ቃል ስትቀማ አታፍርም? አለችኝ። እሷ ያኔ ገና ድክድክ ትል ነበር።

ምስክር አለኝ ብዬ አክስቴ ዘንድ ሮጥኩ። ጎደሬ እየላጠች ነበር። እውነቱን መስክሪልኝ አልኳት። ሳቀች። ልክ ነህ፣ ያንተ ነው አለች። ደስ አለኝ። እሷ ግን ቀጠለች። የዚያን ቀን ስንመለስ አባትህ ምን አለ መሰለህ? «ያን ያህል ሰድቤው ሰውየው ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ልጄ ምን እንዳለው እንጃ፤ ያን አፍ የወለድኩት ግን እኔ ነኝ።» እስኪሞት ድረስ እዚህ ቤት በመጣ ቁጥር ይህንኑ ሲያወራልኝ ኖረ አለችኝ።

ለኔ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ግድግዳው በአባቴ ስም ተጻፈ። የምረቃው ቀን ከዞን የመጣ እንግዳ አንብቦት ተደነቀና፣ አባትህ ይህን የመሰለ አማርኛ ይችሉ ነበር እንዴ? አለኝ። አቶ ታደለ ዐይን ዐይኔን ያየኛል።

«እንዴታ!» አልኩት። «እኔን ያስተማረኝ ማን ሆነና?»