የከማሉዲን የዛንዚባር ዕቅድ

መንገድ ሳይወጣ መንገድ የሚያስተምር ሰው ያልተሰጠው ከተማ የለም። ሐጅ ለሚሄደው ስንት ጥንድ ካልሲ እንደሚበቃው፣ አዲስ አበባ ለሚሄደው የትኛው ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንደማያስታውከው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚያደርሰው ፍራሹ በየት በኩል እንደሚታሰር ያውቃል። የራሱ ጫማ ግን ከደጃፉ ብዙም ርቆ አያውቅም። ሞጣም የራሷን አላጣችም፤ ክቡር አቶ ከማሉዲን፣ የብትን ጨርቅ ነጋዴ፣ ማንም ያልሾማቸው የጉዞ ሚኒስትር።

ለሚስቱ ለዘሚራ ግን ከማል ብቻ ነው። ነገሩን የምናየው በእሷ በኩል ስለሆነ እኛም ከማል እንበለው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የዘሚራ ዓይን ነው። ባሕር ዳር ያለ ሐኪም መርምሮ፣ "የዓይንሽ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው" አላት። ከክሊኒኩ ሲወጡ ዘሚራ አላለቀሰችም።

"ከማል፣ ባሕር ሳላይ አልታወር" አለችው።

ከማል ፊት ለፊታቸው የተኛውን ጣናን በእጁ አሳያት።

"ይሄን አይደለም። ጨው ያለውን፣ ማዶ የሌለውን።"

"እኔ እያለሁልሽ ምን ያስጨንቅሻል! ሁሉም በዕቅድ ነው" አላት። ዕቅዱም በዚያው ተጀመረ።

ልጃቸው ሐናን አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች። "አባዬ፣ አስጎብኚ ድርጅቶች ትኬቱንም ሆቴሉንም ቪዛውንም በአንድ ጊዜ ይጨርሱልሃል" ብትለው በስልኩ ውስጥ ጮኸባት። "በእኔና በእናትሽ መሃል ደላላ ምን ያስገባል? በራሴ!" ይህ "በራሴ!" የሚሉት ቃል ከአፉ የወጣ እንደሆነ ከመቀመጥ በቀር ሌላ መላ የለውም።

ከደሴት ሁሉ ዛንዚባርን መረጠ። አዛን ይሰማባታል፣ ቅርንፉድ ይበቅልባታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰዎቿ እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው ሲባል ሰምቷል። "ሰዓት የማያሳስት አገር ሰው አያሳስትም" ብሎ ፈረደ። ጎረቤታቸው መምህር ፍቅረ ሥላሴ፣ ዘሚራንም በልጅነቷ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ፣ ካርታ ይዘው ተጠሩ። ሁለቱ የሱቁ ባንኮኒ ላይ ካርታ ከዘረጉ ደንበኛ ቢመጣ ቢሄድ አያዩም። አንዲት ሴት ከጉንደ ወይን ድረስ ለልጇ ሰርግ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ በየትኛው ወር ፊቱን እንደሚያዞር በደንብ ተምራ፣ ጨርቁን ከሌላ ሱቅ ገዝታ ሄደች።

ሻንጣው ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳይበልጥ እህል ተራ ተወስዶ ጤፍ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣ። ሠላሳ አንድ ሆነ። የእህል ነጋዴዎቹ ከብበው ሽምግልና ተቀመጡ። በርበሬው ይቀነስ ቢሉት "ምን ልንበላ ነው?" አለ፤ በሶው ይቀነስ ቢሉት "ምን ልንጠጣ ነው?" አለ። በመጨረሻ የዘሚራ ቀሚሶች ወጥተው በርበሬና በሶው ቀሩ። ደግሞም መዋኘት አለመቻል ሰበብ እንዳይሆን ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች በጨርቅ አስሮ ሰደርያ ሠራ፤ ልኩንም በግቢው መሃል መምህር ፍቅረ ሥላሴን አቁሞ ለካ። ዘሚራ ያን ዕለት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጉዞው የእውነት ቀርቦ ነበር የመሰላት።

በግንቦት ሊሄዱ ሲሉ ዝናብ ነው አለ። በሐምሌ ፈረንጅ ይበዛል አለ። በመስከረም መንገዱ ይረጋጋ አለ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረውም። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ የአልጋውን ቁመት ጠይቆ ለሆቴሉ የላከው መልእክት መልስ አልመጣለትም። ይህ ሰው እኮ ቢቸና ለእህቱ ልጅ ሰርግ ሦስት ሳምንት አቅዶ፣ የአውቶቡሱን ጎማ አንድ በአንድ ሲመረምር ጥሎት ሄዶ፣ ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ የደረሰ ሰው ነው። ዘሚራ ድሮ ይህን እያነሳች ታሾፍበት ነበር። አሁን ማሾፉን ትታዋለች።

እንዲህ እያለ አሥራ አራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ዘሚራ ከጓዳ ስትወጣ ትከሻዋን የበሩ መቃን መታት። ከሰላሳ ዓመት በላይ የወጣችበት የገባችበት በር ነው። ከማል አየ። ቀና ብላ አንድ ነገር ይለኛል ብላ ጠበቀች።

"ጉዞውን ወደ ጥር ብናሻግረው ይሻላል" አላት።

ዘሚራ ተናደደች። ንዴቷ ጩኸት የለውም፤ ሥራ ነው። ለሐናን ደወለች። ሐናን በሦስት ሳምንት ቪዛውንም ትኬቱንም ጨርሳ ቀኑን ነገረቻት። የቀረው ከማልን ከቤት ማውጣት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሞጣን ሙስሊሞች የቆየ ልማድ ያዘች። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ" ይላል። ያስቀየመውን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዱዓ ይቀበላል። ታዲያ አንዴ አፉ ከተባባሉ መቅረት የለም። ሰው ሁሉ መርቆ የሸኘው ሰው በማግስቱ ሱቁ ተቀምጦ ቢገኝ ምን ብሎ ዓይን ያያል?

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ እጇ አጥሩን እየዳበሰች ወጣች። በየደጁ ቆማ፣ "ሐሙስ ከከማል ጋር ባሕር ልናይ እንሄዳለን። አፉ በሉን" አለች። ሴቶቹ አቅፈው አለቀሱ። ስለ ዓይኗ ሁሉም ያውቃሉ። መምህር ፍቅረ ሥላሴ ከበራቸው ወጥተው ቆባቸውን አወለቁ። "እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ልጄ" አሏት።

እሷ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ከማል ሱቅ ደረሰ። ሐጂ ከሊፋ፣ በአጥር ድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ሰላም ያላሉት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ።

"ትሄዳለህ አሉ። እኔ አፉ ብዬሃለሁ። አንተም አፉ በለኝ።"

ከማል ትኬት እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። "አፉ ብዬዎታለሁ፣ ሐጂ" አለ። ሌላ ምን ይላል?

ከዐስር ሰላት በኋላ ፊቱ ጠቁሮ ቤት ገባ።

"ምንድን ነው ያደረግሽኝ? ገና ያላለቀ ስንት ነገር አለ!"

"የኔ ዓይን እያለቀ ነው፣ ከማል። እውነቱን ንገረኝ። መሄድ አትፈልግም?"

ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

"ፈርቼ ነው" አለ።

"ውሃውን?"

"ውሃው ምን ያደርገኛል። ካየሽው በኋላ ምን ላሳይሽ ነው? ባሕሩን እየጠበቅሽ እስካለሽ ዓይንሽ ይቆይልኛል እያልሁ ነው። የደረስን ዕለት የሚጠፋ ይመስለኛል።"

ዘሚራ ይህን ሰው የምታውቀው ይመስላት ነበር። ሞኝነቱን በዓይነት በዓይነቱ ለይታ የጨረሰች፣ የቀራት የሌለ ይመስላት ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። ንዴቱ ከላይዋ ወረደ፤ ወደደችው፣ ደግሞም አዘነችለት።

"ዓይኔ ያንተን ዕቅድ አይጠብቅም። እየሄደ ነው። ሳይሄድ እንሂድ" አለችው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ።

በማግስቱ ሱቁ በሰው ሞላ። ሁሉም ቢያንስ የሦስት ወር ትምህርት ይጀመራል ብሎ ልቡን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ዘሚራ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች።

"እስቲ ንገረን" አሉ መምህር ፍቅረ ሥላሴ። "ባሕሩ እንዴት ነው? ጠዋት ምን ይመስላል? ቀለሙስ?"

ከማል ጨርቅ ማጠፉን አላቋረጠም።

"እኔ አላየሁትም" አለ።

"እንዴት? ያን ሁሉ ቀን ባሕሩ አጠገብ ከርመህ?"

"ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። እሷን ነበር የማያት።"

"እውነቱን ነው" አለች ዘሚራ። "ገለል በልልኝ እያልሁ ነው ያየሁት።"